ሲኒየር ተማሪ በጎንደር ግቢ መኝታውን እንዴት ይይዛል፦ ከሰኔ ማመልከቻ እስከ ክሊራንስ (የንብረት ማስረከቢያ ፊርማ)

አንደኛ ዓመት ተማሪ መኝታ አይመርጥም፤ ይመደባል። ስሙ ከብሎክና ከክፍል ቁጥር ጋር ተለጥፎ ያገኘዋል፣ ሻንጣውን ይዞ ይገባል፣ አለቀ። ከሦስተኛ ዓመት በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። ክፍል መቀየር፣ አብሮ የሚያድረውን ሰው መምረጥ፣ ወደ ሌላ ብሎክ መዛወር፣ ካስፈለገም ከግቢ ወጥቶ መከራየት ይቻላል። ይህን የሚያውቅ ተማሪ ብዙ ነው፤ በጊዜው የሚጠቀምበት ግን ጥቂት ነው። ትምህርት ሲከፈት ፍራሽ ተሸክሞ በየብሎኩ ሲዞር የምታዩት ሲኒየር ዕድል ከድቶት አይደለም። ግቢው ከመዘጋቱ በፊት ሊያልቅ የሚገባውን ሥራ ለመክፈቻው ሳምንት አሳድሮት ነው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ከዚህ በታች ያለው ቅደም ተከተል የተጻፈው ለጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነው። ሌላ ከተማ ያላችሁም ብዙውን ልትጠቀሙበት ትችላላችሁ፤ የውኃውንና የብርዱን ነገር ግን ጎንደር ያልኖረ ሰው ላይገባው ይችላል።

ደረጃ 1፦ መጀመሪያ ሥራችሁ የት እንደሚውል እወቁ

ብዙ ሰው የሚጀምረው «የትኛው ብሎክ ይሻላል?» ብሎ በመጠየቅ ነው። የሚቀድመው ጥያቄ ግን «በሚቀጥለው ዓመት ቀኔንና ሌሊቴን የት አሳልፋለሁ?» የሚለው ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1954 የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ሆኖ ሲጀመር ሕይወቱ በሆስፒታሉ ዙሪያ ነበር። ዛሬ ግን በአንድ አጥር ውስጥ አይደለም። የሕክምናና ጤና ሳይንስ ኮሌጅ ከሆስፒታሉ ጋር ነው፤ ሕግ፣ ቢዝነስና ማኅበራዊ ሳይንስ ማራኪ ግቢ ናቸው፤ የተፈጥሮ ሳይንስና የእንስሳት ሕክምና ቴዎድሮስ ግቢ፣ ቴክኖሎጂው ደግሞ ፋሲል ግቢ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያ ዓመታችሁ የለመዳችሁት ክፍል የቱንም ያህል ቢመች፣ ትምህርት ክፍላችሁ ካለበት ግቢ ውጭ ከሆነ በየቀኑ ባጃጅ እየጠበቃችሁ ዓመቱን መጨረሳችሁ ነው።

ወረቀት አውጡና የሚቀጥለውን ዓመት በሁለት መንፈቅ ከፍላችሁ ጻፉ። ክሊኒካል ትምህርት የሚጀምር የሕክምና ተማሪ ውሎውም አዳሩም ከዋርድ (ታካሚዎች ከሚተኙበት ክፍል) ጋር ይተሳሰራል፤ የሌሊት ተረኛ በሚሆንበት ጊዜ መኝታው ከሆስፒታሉ በእግር የሚደረስበት መሆን አለበት፤ ይህ ለድርድር የሚቀርብ ጉዳይ አይደለም። የጤና ሳይንስ ተማሪዎች «ቲቲፒ» የምትሉት የቡድን ሥልጠና ፕሮግራም ሲደርስ ደግሞ ለሳምንታት ከከተማው ውጭ ባሉ ጤና ተቋማት ትሰነብታላችሁ። የምህንድስና ተማሪ አንድ መንፈቅ ለተግባር ልምምድ ይወጣል፤ አንዳንዱ አዲስ አበባ ወይም ባሕር ዳር፣ አንዳንዱ እዚያው ከተማው ውስጥ። የሕግ ወይም የኢኮኖሚክስ ተመራቂ ውሎው ቤተ መጻሕፍት ነው። የኬሚስትሪ ተመራቂ ከቤተ ሙከራ አይርቅም።

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ደግሞ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂ ላይ የመውጫ ፈተና ተጨምሯል። ማለፊያው 50 በመቶ ነው፤ ያላለፈ ዲግሪውን አይወስድም። ይህ ፈተና የመጨረሻውን ዓመት መኝታ ትርጉም ለውጦታል። ድሮ የተመራቂዎች ክፍል የጨዋታና የስንብት ክፍል ነበር። አሁን ከስንብቱ በፊት የአራት ዓመት ትምህርት መከለስ አለ፤ ለዚያ ደግሞ ሌሊት መብራት ሲበራ የማያጉረመርም የክፍል ጓደኛ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ ያላችሁን አማራጭ በስሙ ጥሩት

የሲኒየር አማራጭ ሲጠቃለል ይህን ይመስላል። በያዛችሁት ክፍል መቀጠል፤ በዚያው ግቢ ወደ ሌላ ክፍል ወይም ብሎክ መዛወር፤ ትምህርት ክፍላችሁ ወዳለበት ግቢ መዛወር፤ ለክሊኒካል ተማሪዎችና ለኢንተርን ሐኪሞች ወደ ሆስፒታሉ በቀረበው መኝታ መግባት፤ በአካል ጉዳት ወይም በጤና ምክንያት ልዩ ምደባ መጠየቅ፤ በመጨረሻም ከግቢ ወጥቶ መከራየት።

ስለ ልዩ ምደባው ትንሽ ልቆይበት፤ ብዙ መብት ያለው ተማሪ በዝምታ የሚያልፈው እሱን ነውና። ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በአካል ጉዳተኞች ተሐድሶና አካታችነት ሥራ ረዘም ያለ ልምድ አለው፤ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲና ከማስተርካርድ ፋውንዴሽን ጋር የሚሠራው የነፃ ትምህርት ዕድል ፕሮግራምም ትኩረቱ እዚህ ላይ ነው። ደረጃ መውጣት የሚያስቸግራችሁ ከሆነ የመሬት ወለል ክፍል፣ ማየት ለተሳናችሁ ደግሞ አጋዥ ጓደኛችሁ አብሯችሁ የሚያድርበት ክፍል መጠየቅ ልመና አይደለም። አስም፣ የሚጥል ሕመም ወይም የስኳር ሕመም ያለበት ተማሪም የሕክምና ማስረጃ ይዞ ይጠይቅ። የስኳር ታማሚ ኢንሱሊኑን የሚያስቀምጥበት ቀዝቃዛ ቦታ ያስፈልገዋል፤ ይህን ፕሮክተሩ (የብሎኩን መኝታ የሚቆጣጠረው ሠራተኛ) በራሱ ሊገምትላችሁ አይችልም። ማስረጃው ከሆስፒታል ወይም ከተማሪዎች ክሊኒክ የተጻፈ፣ ማኅተምና ቀን ያለው ይሁን፤ የሕመሙን ስም ብቻ ሳይሆን «የመሬት ወለል ያስፈልገዋል» ወይም «የላይኛው አልጋ አይስማማውም» የሚለውን ጭምር ሐኪሙ እንዲጽፍላችሁ ጠይቁ። ስም ብቻ ያለበት ወረቀት ቢሮ ውስጥ ክርክር ይፈጥራል፤ ምክሩ የተጻፈበት ወረቀት ክርክሩን ይዘጋል።

ደረጃ 3፦ ከክፍሉ በፊት ሰዎቹን ምረጡ

በእኔ ግምት ከመመሪያው ሁሉ የሚከብደው ይህ ነው። ጥሩ ክፍል በመጥፎ ጓደኛ ይበላሻል፤ ጠባብና ቀዝቃዛ ክፍል ግን በጥሩ ጓደኞች ይኖርበታል።

የአንድ አገር ልጅ፣ የአንድ ሃይማኖት ተከታይ፣ የጨዋታ ወዳጅ፤ ሰው የሚመርጠው በዚህ ነው። አልነቅፈውም፤ ከቤት የራቀ ሰው የቤቱን ሽታ ይፈልጋል። ለሲኒየር ዓመት ግን ከዚህ ይበልጥ የሚጠቅሙ ጥያቄዎች አሉ። ስንት ሰዓት ይተኛል? ሲያነብ ድምፅ ያወጣል? ስልኩን ያለ ማዳመጫ ይሰማል? ገንዘብ ሲበደር ይመልሳል? ማንቂያውን ከንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሞልቶ ራሱ የማይነሳ፣ ሌላውን ግን የሚያስነሳ ዓይነት ነው? ለጸሎት ሌሊት የሚነሳም፣ በሌሊት ለቅዳሴ የሚወጣም ይኖራል፤ ቀድሞ ከታወቀ ሁሉም ይቻላል፤ በር አጠገብ ያለውን የታችኛውን አልጋ ለእሱ መስጠት ብቻ ነው።

የትምህርት ክፍልን በተመለከተ ሁለት ሐሳብ አለ። አንድ ትምህርት ክፍል የሚማሩ ሰዎች አብረው ሲያድሩ ማስታወሻ መጋራትና ለመውጫ ፈተና አብሮ መከለስ ይቀላል። ጉዳቱ የፈተና ሳምንት ላይ ይታያል፤ ሁሉም በአንድ ጊዜ ይጨነቃል፣ አንዱ የፈራው ሌላውን ይይዛል። እኔ የምመክረው ግማሽ በግማሽ ነው። ሁለት ሦስት የክፍላችሁ ልጆች፣ የቀሩት ከሌላ ትምህርት ክፍል። ያኔ ቢያንስ አንድ ሰው ተረጋግቶ ሻይ የሚያፈላ ይገኛል ልል ፈለግሁ፤ ምድጃ ግን በዶርም የተከለከለ ነው፤ ወደዚያ እመለሳለሁ።

ክሊኒካል የምትማሩ ግን ይህን ምክር ተውት። የሌሊት ተረኛ የሆነ ሰው ረፋድ ላይ መተኛት አለበት፤ ያንን የሚረዳው ሌላ የሌሊት ተረኛ ብቻ ነው።

ስም ዝርዝሩን ስታጠናቅቁ ከሚያስፈልገው ሰው በአንድ የሚበልጥ ይያዝ። ከሐምሌ እስከ መክፈቻው ድረስ ዊዝድሮዋል ሞልቶ ትምህርቱን የሚያቋርጥ፣ ዩኒቨርሲቲ የሚቀይር ወይም «ወጥቼ ተከራየሁ» የሚል አንድ ሰው አይጠፋም፤ የእሱን አልጋ የማታውቁት ሰው ይሞላዋል።

ደረጃ 4፦ ግቢው ሳይዘጋ ማመልከቻ አስገቡ

መንገዱ አጭር ነው፤ ሰው ግን ያጠማዝዘዋል። መጀመሪያ የብሎካችሁን ፕሮክተር አነጋግሩ። ፕሮክተር ወሳኝ ባለሥልጣን አይደለም፤ የትኛው ክፍል በሙሉ ተመራቂ እንደሆነና ማን እንደሚለቅ ግን ከእሱ በላይ የሚያውቅ የለም። ተመራቂዎች የሚለቁት ክፍል በሚቀጥለው ዓመት ባዶ ነው፤ ጥያቄያችሁ በዚያ ክፍል ላይ ቢያርፍ ማንንም አታፈናቅሉም፤ ስለዚህ እሺ ለማለት ይቀላል።

ቀጥሎ ለግቢያችሁ የተማሪዎች አገልግሎት ቢሮ በጽሑፍ አመልክቱ። የቃል ቃል ኪዳን ክረምቱን አይሻገርም፤ ያናገራችሁት ሰው ሊዛወር ይችላል። ማመልከቻው አንድ ገጽ እንኳን አይሞላም፤ ይህን ያህል ይበቃዋል፦

«ጉዳዩ፦ የመኝታ ክፍል ዝውውርን ይመለከታል። እኛ ስማችንና መታወቂያ ቁጥራችን ከዚህ በታች የተዘረዘረው የሦስተኛ ዓመት ተማሪዎች በሚቀጥለው የትምህርት ዘመን በብሎክ ቁጥር … ክፍል ቁጥር … እንድንመደብ እንጠይቃለን። ክፍሉን በአሁኑ ጊዜ የያዙት ተማሪዎች ዘንድሮ ተመራቂ ናቸው። ዝውውሩን የጠየቅነው የመመረቂያ ጽሑፋችንን በጋራ የምንሠራ በመሆኑና አሁን ያለንበት ብሎክ ከቤተ ሙከራው የራቀ በመሆኑ ነው። ከአሁን ክፍላችን ያለብን የንብረት ዕዳ የለም።»

ስም፣ መታወቂያ ቁጥር፣ ትምህርት ክፍል፣ ዓመት፣ ፊርማ። በሁለት ቅጂ አዘጋጁት፤ አንዱ ላይ ገቢ መደረጉን የሚያሳይ ቁጥርና ቀን አስጽፋችሁ ለራሳችሁ ያዙት። መክፈቻው ሳምንት ላይ ቢሮው በር የተሰለፈው ሁሉ «አመልክቼ ነበር» ይላል፤ ቁጥር ያለው ወረቀት ያወጣው ሰው ቀድሞ ይሰማል። ምክንያታችሁ እውነተኛና አጭር ይሁን። የአያት ሞት፣ የእናት ሕመምና የራስ ራስ ምታት ባንድ ማመልከቻ የተከማቹበት ወረቀት አንባቢውን ያስቃል እንጂ አያሳዝንም።

የምትፈልጉትን ክፍል ሌላ ሰው ይዞት ከሆነና እሱም የእናንተን ቢፈልግ፣ ልውውጡን በሁለቱም ወገን ፊርማ አድርጉት፤ ፕሮክተሩም በመዝገቡ ላይ ያስተካክል። በመዝገብ ያልተስተካከለ ልውውጥ ጣጣው ዓመቱ መጨረሻ ላይ ይመጣል፤ ያላደራችሁበት ክፍል የተሰበረ ቁም ሳጥን በስማችሁ ይወጣል።

አልጋ መሸጥና መግዛት የሚባል ነገርም በየግቢው ይሰማል። አትግቡበት። የከፈላችሁበት አልጋ ቢነጠቅባችሁ የምትከሱበት ደረሰኝ የላችሁም።

ደረጃ 5፦ የወጪ መጋራት ቅጹን አንብባችሁ ፈርሙ

ዶርም ነፃ ነው ብሎ የሚያምን ሲኒየር እስካሁን አለ። ከ1996 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው የወጪ መጋራት ሥርዓት ተማሪው የምግቡንና የመኝታውን ሙሉ ወጪ፣ ከትምህርት ወጪው ደግሞ ቢያንስ 15 በመቶውን ይጋራል፤ የሚከፍለው ተመርቆ ሥራ ሲይዝ ከደመወዙ እየተቆረጠ ነው። በየዓመቱ የምትፈርሙት ቅጽ ላይ ምግብ ብቻ፣ መኝታ ብቻ ወይም ሁለቱንም የሚል ምርጫ አለ። ወጥታችሁ የምትከራዩ ሆናችሁ ሳለ «መኝታ» ላይ ምልክት ካደረጋችሁ፣ ላላደራችሁበት አልጋ ዕዳ ትመዘገባላችሁ ማለት ነው። ሰልፉ ረጅም ስለሆነ ሰው ከፊቱ ያለውን ተማሪ ገልብጦ ይፈርማል፤ ያ ተማሪ ግን የእናንተን ዕዳ አይከፍልም።

በግቢው ካፌ መመገብ ወይም የምግቡን በጀት በገንዘብ መቀበል የሚለውም ውሳኔ ከመኝታው ጋር አብሮ ይታሰብ። በቀን 22 ብር የነበረው የምግብ በጀት በ2017 ዓ.ም ወደ 100 ብር ከፍ ብሏል። በዋርድና በቤተ ሙከራ ምክንያት የካፌው ሰዓት የሚያልፋችሁ ከሆነ በገንዘብ መቀበሉ ይታሰብበት፤ ውሎአችሁ ግቢ ውስጥ ከሆነ ግን ካፌው ይሻላል። ገንዘቡ እጅ ላይ ሲገባ መጀመሪያ የሚሆነው የሞባይል ካርድ ነው፤ ይህ ሁላችንም የምናውቀው ነገር ነው።

ደረጃ 6፦ ወለሉን በውኃና በብርድ ለኩ

ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,100 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ናት። ቀኑ ቢሞቅም ከኅዳር እስከ ጥር ሌሊቱ ይቆረጥማል። ከቆላ የመጣ ተማሪ አንድ ብርድ ልብስ ይዞ መጥቶ ታኅሣሥ ላይ ጋቢ ፍለጋ ገበያ ይወጣል። ክረምቱ ደግሞ ሐምሌና ነሐሴ ላይ ይበረታል።

ከብርዱ የሚበልጠው ግን ውኃ ነው። ከተማዋ ለረጅም ጊዜ የተማመነችበት የአንገረብ ግድብ በደለል እየተሞላ አቅሙ መቀነሱ የታወቀ ነው፤ የሕዝቡ ብዛት ግን ጨምሯል። ውኃ በፈረቃ ሲመጣ ግፊቱ ዝቅ ስለሚል ወደ ላይኛው ፎቅ አይወጣም፤ ምድር ቤቱ ሲሞላ አራተኛው ፎቅ ቧንቧው የሚያወጣው አየር ነው። ስለዚህ አራተኛ ፎቅ የመረጠ ሰው ከነእይታው ጀሪካን መሸከምንም አብሮ መርጧል።

ታዲያ ምድር ቤቱ ይሻላል? በውኃ አዎን። ነገር ግን በክረምት ግድግዳው እርጥበት ይስባል፤ መጽሐፍና ፍራሽ ይሻግታሉ፤ በመስኮቱ በኩል መተላለፊያ ስላለ ጫጫታውና የስርቆት ስጋቱ ይበዛል፤ መጸዳጃ ቤቱም ውኃ ሲጠፋ ቀድሞ የሚሸተው እዚያ ነው። ምርጫ ካላችሁ አንደኛ ወይም ሁለተኛ ፎቅ ያዙ። ከመጸዳጃ ቤቱ ቢያንስ ሁለት ክፍል የራቀ፣ ከደረጃው ጋር ያልተጣበቀ፣ መስኮቱ የጠዋት ፀሐይ የሚያገኝ ክፍል ከተገኘ አትልቀቁት። የምሥራቅ መስኮት የታኅሣሥን ጠዋት ይለውጠዋል።

ውኃ የሚመጣበትን ሰዓትና ቀን ከቀደሙት ተማሪዎች ጠይቁ። በየክፍሉ ለአንድ ሰው ሃያ ሊትር የሚይዝ ክዳን ያለው ጀሪካን፣ ለጋራ ደግሞ አንድ ትልቅ ባልዲ ይኑር። የመጠጡንና የመታጠቢያውን ጀሪካን በቀለም ለዩ። ለመጠጥ የሚሆነው በውኃ ማከሚያ ይታከም፤ ለሳምንት የቆመ የጀሪካን ውኃ ሆድ ይረብሻል፤ የፈተና ሳምንት ደግሞ ለሆድ ሕመም የሚመች ሳምንት አይደለም።

የሴቶች ብሎኮች ላይ አንድ ነገር ይጨመር። በር የሚዘጋበትን ሰዓት ከቤተ መጻሕፍቱና ከቤተ ሙከራው መዝጊያ ሰዓት ጋር አስተያዩት። የሌሊት ንባብ የምታዘወትሩ ከሆነ ከቤተ መጻሕፍት እስከ ብሎኩ ያለው መንገድ መብራት ያለው መሆኑን በቀን ሳይሆን በማታ፣ ከጓደኛ ጋር ሆናችሁ ተመልከቱት። ቅርበትን ከክፍሉ ስፋት አስቀድሙ።

ደረጃ 7፦ ቁልፍ ከመቀበላችሁ በፊት ክፍሉን ፈትሹ

በቀን ብርሃን ግቡ። የፍራሹን ስፌት ገልጣችሁ እዩ፤ ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ትኋን አለ። የአልጋውን ብረት መገጣጠሚያና የግድግዳውን ስንጥቅም እዩ። ትኋን ካለ ንብረታችሁን ሳታስገቡ አመልክቱ፤ መድኃኒት የሚረጨው ባዶ ክፍል ላይ ነው። ከገባችሁ በኋላ ከሆነ ጨርቁን ሁሉ በፈላ ውኃ አጥባችሁ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ ፍራሹንም አውጡት። አንድ ክፍል ብቻውን ቢጸዳ ጎረቤቱ ይመልስለታል፤ ስለዚህ የጎን ክፍሎችን አብራችሁ አነሳሱ።

ከዚያ በር፣ መስኮት፣ መስታወት፣ አምፖል፣ ሶኬት፣ ቁም ሳጥን፣ ወንበር። የጎደለውንና የተሰበረውን በንብረት መረከቢያው ቅጽ ላይ አስጽፉ፤ በስልክም ፎቶ አንሱ። ፕሮክተሩ «ግድ የለም፣ በኋላ» ቢላችሁ በትሕትና «አሁን ቢጻፍ ይሻላል ጋሼ» በሉት። ለቁም ሳጥናችሁ የራሳችሁን ጓጉንቸር ግዙ፤ ርካሹን ሳይሆን በሚስማር የማይከፈተውን። ላፕቶፕ ለሚይዝ ተመራቂ ከጫማ በፊት የሚገዛ ዕቃ ነው።

ደረጃ 8፦ በመጀመሪያው ሳምንት ተስማሙ

ከተጣሉ በኋላ የሚወጣ ሕግ ፍርድ ነው፤ ሳይጣሉ የሚወጣው ስምምነት ነው። ሁላችሁ ባላችሁበት አንድ ምሽት ተነጋገሩ። መብራት የሚጠፋበት ሰዓት (ከዚያ በኋላ የሚያነብ በራሱ ትንሽ መብራት ይጠቀም)፣ የጽዳት ተራ፣ የውኃ መቅጃ ተራ፣ እንግዳ የሚመጣበት ሁኔታ። በወረቀት ጽፋችሁ በበሩ ጀርባ ለጥፉት።

የእንግዳው ነገር ጎንደር ላይ ልዩ ጠባይ አለው፤ ጥምቀት። ጥር 10 እና 11 ከተማው ይሞላል፣ የሆቴል ዋጋ ይሰቀላል፤ የአክስት ልጅ፣ የሰፈር ልጅ፣ የአክስት ልጅ ጓደኛ ሁሉ «አንድ ሌሊት ብቻ» ብሎ ይደውላል። የግቢው ደንብ የውጭ ሰው ማሳደርን አይፈቅድም፤ ቢያዝ የሚጠየቀው አልጋውን ያጋራው ተማሪ ነው። ዘመዳችሁን ከጥምቀት በፊት ቀደም ብላችሁ ሌላ ማደሪያ ፈልጉለት። በዩኒቨርሲቲው አስተባባሪነት ከከተማው ነዋሪ ጋር የቃል ኪዳን ቤተሰብ የተሳሰረላችሁ ካላችሁ እነሱን ማማከር ነውር አይደለም፤ የጎንደር እናት በጥምቀት እንግዳ አትመልስም። ጠላና ዳቦ ይዛችሁ ካልወጣችሁ ግን ተቀይማ ትከርማለች።

አሁን ወደ ምድጃው ልመለስ። የኤሌክትሪክ ምድጃና ሽቦው የተጋለጠ ውኃ ማፍያ በዶርም የተከለከሉት ፕሮክተሩ ሻይ ስለሚጠላ አይደለም። የብሎኩ የኤሌክትሪክ መስመር የተዘረጋው ለመብራትና ስልክ ለመሙላት ነው፤ አንድ ምድጃ ከብዙ አምፖል የሚበልጥ ኃይል ይስባል፤ በየክፍሉ ሲሰካ ሽቦው ይግላል፣ ሶኬቱ ይቀልጣል፣ ፍራሽ ደግሞ ቶሎ ይያያዛል። ሻይ ከፈለጋችሁ ፔርሙስ ያዙና ከካፌው ወይም ከላውንጅ አስሞሉ።

ደረጃ 9፦ ለልምምድ ስትወጡ አልጋችሁን አስመዝግቡ

ለተግባር ልምምድ ወይም ለቡድን ሥልጠና የሚወጣ ተማሪ ሲመለስ አልጋው ላይ ሌላ ሰው ተኝቶ ያገኛል። መፍትሔው ከመውጣታችሁ በፊት ነው። የትምህርት ክፍላችሁ የጻፈውን የልምምድ ደብዳቤ ቅጂ ለፕሮክተሩ ስጡ፤ የመመለሻ ቀናችሁን አስመዝግቡ። ዕቃችሁን በካርቶን አድርጋችሁ ስምና መታወቂያ ቁጥር ጻፉበት፤ ዋጋ ያለውን ግን ይዛችሁ ውጡ። ልምምዱ እዚያው ጎንደር ከሆነ አልጋውን አትልቀቁ።

ደረጃ 10፦ ወጥታችሁ ለመከራየት ካሰባችሁ

ይህን በአጭሩ ላንሳው። ኪራይ ጸጥታና ነፃነት ይሰጣል፤ ወጪው ግን ኪራዩ ብቻ አይደለም። የደላላ፣ የውኃ፣ የመብራት፣ የባጃጅና የማብሰያ ወጪ ይደመር። ግቢው ውስጥ ውኃ ሲጠፋ ቦቴ ይመጣ ይሆናል፤ ኪራይ ቤት ሲጠፋ የሚመጣ የለም። በጸጥታ ችግር ምክንያት የማታ እንቅስቃሴ በሚገደብበት ጊዜም ከቤተ መጻሕፍት እስከ ኪራይ ቤት ያለው መንገድ ዋጋው ይጨምራል።

ከወሰናችሁ ግን የጽሑፍ ውል ያዙ። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ውሉ በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል፤ ከሁለት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅንም ይከለክላል። አዋጁ ክልሎች በሚወስኗቸው ከተሞች ስለሚተገበር የቀበሌውን አስተዳደር ጠይቁ። ባይተገበር እንኳ ከሁለት ወር በላይ አትክፈሉ። በር የሚዘጋበትን ሰዓት፣ የውኃውን ቀንና ቆጣሪው የጋራ መሆን አለመሆኑን ከቀብድ በፊት ጠይቁ፤ አከራዮቹን እማማን ወይም አባባን ከማነጋገር በፊት ደግሞ በዚያው ቤት የሚኖር ተከራይ ካለ እሱን ቀድማችሁ አነጋግሩት።

ደረጃ 11፦ ስትለቁ

ክረምቱን ግቢ ለመቆየት የሚፈልግ ተመራቂ ወይም ተመራማሪ ከአማካሪ መምህሩ ደብዳቤ ይዞ በጊዜ ያመልክት፤ በክረምት ብሎኮች ለክረምት መርሐ ግብር ተማሪዎችና ለጥገና ስለሚፈለጉ ሌላ ክፍል ሊሰጣችሁ ይችላል፣ ዕቃችሁን ቀድማችሁ ሰብስቡ።

ክሊራንስ ከመጨረሻው ፈተና በኋላ በማግስቱ ይጀመር። ፍራሽ፣ ቁልፍ፣ ቁም ሳጥንና ወንበር ለፕሮክተሩ አስረክባችሁ አስፈርሙ፤ ስትገቡ ያስጻፋችሁትን የንብረት ቅጽና ፎቶ አሁን ነው የምታወጡት። ስድስት ሰው ባደረበት ክፍል አንድ ወንበር ከጎደለ አምስቱ ከሄዱ በኋላ የሚከፍለው የቀረው ነው፤ ስለዚህ አንድ ቀን ቆርጣችሁ ሁላችሁም በአንድ ላይ አስረክቡ። የፕሮክተሩ ፊርማ ሳይኖር የተማሪዎች አገልግሎት አይፈርምም፤ እሱ ሳይፈርም ሬጅስትራር ማስረጃችሁን አይሰጥም። ፕሮክተሩ ምሳ ላይ ከሆነ ደግሞ ሁሉም ይጠብቃል፤ በጠዋት ሂዱ።